እማዬ፣ ቅጠሎቹን እንዳትተዪያቸው

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጣቶችሽስ እንዴት ናቸው?

ባለፈው በስልክ «ጣቶቼን ስለሚያመኝ ከእንግዲህ ፓዩን በሊጥ ዝም ብዬ ከድኜ ነው የምጋግረው፣ የሊጥ ቅጠል ምናምኑ ለሚችል ይሁን» ስትዪኝ ሆዴ ባባና መልስ አጣሁ። አሁን ግን ቁጭ ብዬ አስቤበታለሁ፤ በፍጹም አልስማማም። ከላዩ ላይ የየልጆችሽን ፊደል፣ ፖሙ ፓይ ላይ ደግሞ ትንሽ ፖም ከነቅጠሏ እየሠራሽ ያሳደግሽን ሰው ነሽ። እኛ ሳንቆርሰው ውስጡ ምን እንዳለ የምናውቀው በዚያ ነበር። በነገራችን ላይ በ17ኛው መቶ ዘመን የታተሙ የእንግሊዝ የምግብ መጻሕፍት የፓይ ክዳን ጌጥ በሥዕል ያሳዩ ነበር። ጌጡ ድሮም ቦታ ነበረው ማለት ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ጣትሽን የሚያደክመው የለሰለሰ ሊጥ ነው። ቅቤው ሲሞቅ ሊጡ ቢላው ላይ ይጣበቃል፣ ቅጠሉን ስታነሺው ይለጠጣል፣ ከዚያ መልሶ ማስተካከል ይመጣል። ስለዚህ ሊጡ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሀል ሆኖ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሳሳ ይዳመጥና ከነወረቀቱ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ። ሲወጣ እንደ ካርቶን ቀጥ ይላል፣ ቢላው ብዙ ሳትጫኚው ይቆርጠዋል። መዳመጡን ለእህቴ ስጫት። የሚዳምጥ አይጠፋም፤ ቅርጹ ግን ያንቺ እጅ ነው።

ቅጠሉን አንቺ እንዳሳየሽኝ ነው እስካሁን የምሠራው። ሊጡን ሁለት ጣት ስፋት ባለው ረጅም ቁራጭ አወጣለሁ፣ ከዚያ ሰያፍ ሰያፍ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። በቢላው ጀርባ መሀሉን አንድ ጊዜ ጫን አደርጋለሁ፣ ሳልበሳው፣ ከዚያ ግራና ቀኝ አጫጭር መስመሮች፤ በመጨረሻ ሥሩን ቆንጠጥ ሳደርገው ቅጠሉ ትንሽ ጎበጥ ይላል፣ ሲጋገርም ጫፍ ጫፉ ቀድሞ ስለሚቀላ መስመሮቹ ጎልተው ይታያሉ። ትርፍራፊውን ደግሞ እያድበለበልሽ አታሺው። ደራርበሽ ይዳመጥ፤ በጣም የታሸ ሊጥ ኦቨን ውስጥ ይኮማተርና ቅርጹን ያበላሸዋል።

ዋናው ልልሽ የፈለግኩት ይሄ ነው፦ ሁሉንም በአንድ ቀን አትሥሪው። ዛሬ ጥቂት ቅጠል፣ ነገ ሁለት ፊደል ቁረጪና ትሪ ላይ ዘርግተሽ ፍሪዘር ክተቻቸው። ሲደርቁ ወደ ዕቃ ይገለበጣሉ፤ ወር ቢቆዩ ምንም አይሆኑም። ፓዩ የሚጋገር ቀን እንደበረዱ አውጥተሽ በእንቁላል መለጠፍ ብቻ ነው። ለእንፋሎቱ የተበሳውን ቀዳዳ ግን እንዳይደፍኑት፣ ዙሪያውን አስቀምጫቸው። የሚቀባውን እንቁላልም ታውቂዋለሽ፣ አንድ አስኳል ከአንድ ማንኪያ ወተት ጋር፣ በብሩሽ ስስ ተደርጎ፤ ከበዛ መስመሮቹ ውስጥ ይተኛና ይሸፍናቸዋል። ጌጡ ከፓዩ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል ይደረግበታል።

ፍሬው ብዙ ውኃ የሚያወጣ ከሆነና ክዳን ከሌለው፣ ቅርጾቹ ሰምጠው ይበሰብሳሉ። እነሱን ለብቻቸው ትሪ ላይ በ180 ዲግሪ ወርቃማ እስኪሆኑ ጋግሪያቸው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃቸዋል፤ ፓዩ ከወጣ በኋላ ከላይ ይደረደራሉ። እንደውም እንዲህ ሲሆን ይበልጥ ይንኮሻኮሻሉ።

የሹሩባውን ጠርዝ ግን ተዪው፣ በጣም እንደምትወጂው ባውቅም። ሦስት ቀጫጭን ሊጥ መጎንጎን ጣት ይጨርሳል። በሱ ፈንታ በትንሽ የጠርሙስ ክዳን ክብ ክብ እያወጣሽ ጠርዙ ላይ ግማሽ በግማሽ ደራርቢያቸው፤ በጣም ነው የሚያምረው፣ ክዳኑን በመዳፍሽ ጫን ማድረግ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ጠዋት ጠዋት እጅሽ ድርቅ ስለሚል ከሰዓት በኋላ አድርጊው፣ ሲያምሽም ወዲያው አቁሚ፣ እባክሽ። ስመጣ መዳመጡ የኔ ነው፣ አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ትቆርጫለሽ። እስከዚያ የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ሳይጋገሩ።

የምወድሽ ልጅሽ