ዘረኝነት የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ዘረኝነትን የግለሰቦች የአስተዳደግ ጉድለት አድርጎ ያቀረበው ጽሑፍ የነገሩን ግማሽ ትቶታል። አውቶቡስ ውስጥ ጥቁር ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ቦርሳውን ይዞ የሚነሣ መንገደኛ ክፋቱ የራሱ ነው፤ ብንቆጣውም ብንንቀውም ፊቱን እናውቀዋለን። እስራኤል ውስጥ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ እንደሆነው፣ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ኤችአይቪን በመፍራት በምስጢር ይጣል ነበር። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን የዘረጋችውን ለጋሽ ነርሷ በፈገግታ አመስግና፣ ጭማቂም ሰጥታ (ጨዋነት አልጎደለም!) ልትሸኛት ትችላለች፤ ከረጢቱን ወደ መጣያ የሚልከው ሰውን በትውልዱ የሚለይ አሠራር ነው። ያን ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰልፈኞች አቤቱታቸውን ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ይዘው የሄዱት፣ ነርሷን መቅጣት ምንም እንደማይፈይድ ስለገባቸው ይመስለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ