ናቹራል ወይስ ሶሻል? ምርጫው የልጆቻችን እንዲሆን ለመንዝ ትምህርት ቤታችን የድጋፍ ጥሪ

በቅርብም በሩቅም ላላችሁ የመንዝ ተወላጆችና ወዳጆች፤

እኛ አገር አንድ ልጅ 10ኛ ክፍልን ሲጨርስ ናቹራል ይግባ ወይስ ሶሻል የሚለው ጉዳይ ቤቱን ሁሉ ያነጋግራል። አባት ይመክራል፣ አጎት ይመክራል፣ ጎረቤትም አይቀርም። በመጨረሻ ግን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት የየትኛው ትምህርት መምህር አለው? የፊዚክስ መምህሩ ተዛውሮ ምትክ ካልመጣ ኢንጂነር መሆን የሚፈልገው ልጅ ሶሻል ይገባል። እምቢ ብሎ ናቹራል ከገባም ፊዚክስን ከመጽሐፉ ጋር ብቻውን ይጋፈጣል። ኢኮኖሚክስ የምትወደዋን ልጅ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህሯ ክፍተቱን ለመሸፈን ብሎ ያስተምራታል። ሰውየው አይወቀስም፤ ማታ ራሱ እያነበበ ጠዋት የሚያስተምር ሰው ምስጋና ነው የሚገባው። ልጅቷ ግን የፈለገችውን አላገኘችም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ክፍተቱ ይበልጥ ታየ። ግብርና አለ፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አለ፣ ወደ ሥራ የሚያቀርቡ የሙያ ትምህርቶችም ታስበዋል። በወረቀት ላይ ምርጫው ሰፍቷል፤ እሰየው። ኮምፒውተር በሌለበት ክፍል አይሲቲ የሚማር ልጅ ግን ኪቦርድን የሚያውቀው በሥዕል ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ወደፊት የአዲስ አበባ ልጅና የእኛ ልጅ አንድ ዓይነት ስክሪን ፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ጥያቄውን ሲያነብ ሌላው ማውሱን እንዴት እንደሚይዝ ይጨነቃል።

ስለ ውጤቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ2014ቱ ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻል ነው፤ ከመቶው ከዘጠና በላዩ ግን አሁንም ደጅ ቀርቷል።

እኛ ወላጆች፣ መምህራንና ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የምንኖር የቀድሞ ተማሪዎች ሆነን አንድ ነገር ለመጀመር ተነስተናል። ትምህርት ቤታችን መምህር ያላገኘላቸውን ትምህርቶች በኦንላይን ማስገባት እንፈልጋለን።

ይህን ለስብሰባ ስናቀርብ አንድ አባት «እንደ ፕላዝማው ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ሳቅን። ጥያቄው ግን የምር ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሩጫ። ያልገባው ልጅ እጁን ለማን ያወጣል? ቴሌቪዥኑ አይቆም፣ ወደ ኋላ አይመለስ። መምህሩ ጥግ ይዞ ይቆምና በተረፉት ጥቂት ደቂቃዎች የቻለውን ያስረዳል። መብራት ከሄደ የዕለቱ ትምህርትም አብሮ ሄደ። ዋናው ችግር ስክሪን መኖሩ አልነበረም። መምህሩም ተማሪውም በትምህርቱ ላይ ምንም ሥልጣን አልነበራቸውም።

የእኛ ዕቅድ ከዚያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ የሚቀመጠው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ አነስተኛ ሰርቨር (ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች ትምህርቱን የሚያዳርስ ኮምፒውተር) ላይ ነው። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። የተሠራውም ኢንተርኔት ለማይደርሳቸው ወይም ለሚቆራረጥባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ቪዲዮውን፣ መልመጃውንና መጽሐፉን ጥሩ ኔትወርክ ባለበት ከተማ አንዴ ጭነን እንወስደዋለን። ከዚያ ተማሪው በግቢው ዋይፋይ፣ ያለ ምንም የዳታ ወጪ ይከፍተዋል። ያልገባውን አቁሞ ደግሞ ያያል። መልመጃ ሲሠራም ማን የት ላይ እንደተቸገረ ለመምህሩ ይታየዋል። በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ሁልጊዜ ኔትወርክ ይኖራል ብሎ የተነሳ ዕቅድ ይዘን ብንመጣ የምናታልለው ራሳችንን ነው።

ቪዲዮ ብቻውን ግን አያስተምርም። አብዛኛው የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ማስተማሪያውም እንግሊዝኛ ነው። ልጆቻችን ቀመሩ ሳይሆን ቋንቋው የሚያደናቅፋቸው ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ለከባድ ምዕራፎች አጭር የአማርኛ ማብራሪያ የሚቀዱ መምህራን እንፈልጋለን። ስልክና ፀጥ ያለ ክፍል ይበቃል። ኔትወርክ በሚኖርበት ቀን ደግሞ ከሩቅ ያለ መምህር በቀጥታ ገብቶ ጥያቄ ይመልሳል። ካልተገናኘም ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ያጠራቅሙለታል፣ እሱም መልሱን ቀድቶ ይልካል። ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የትምህርት ቤቱ መምህር ይኖራል። የትምህርቱ ባለሙያ ባይሆንም ግድ የለም። ልጆቹን የሚያውቅ፣ የቀረውን ጠርቶ «የት ነበርክ?» የሚል ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ነገሩ የእኛ ፈጠራ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ አሊስ ስፕሪንግስ ላይ በረሃ ውስጥ ተበታትነው ለሚኖሩ ልጆች እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በሬዲዮ ክፍል ይከፈትላቸው ነበር። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ኢ-ስኮይል የተባለ የኦንላይን ትምህርት ቤት ተጀምሯል። አንድ ትምህርት የሚፈልጉት ልጆች ጥቂት ሲሆኑ ለየደሴቱ መምህር መቅጠር አይቻልም። በኦንላይን ግን አንድ መምህር የብዙ ደሴቶችን ልጆች ባንዴ ያስተምራል። በእኛም አገር ድጓ የፈለገ ቤተልሔም፣ ቅኔ የፈለገ ዋሸራ፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደር ይሄድ የነበረው መምህሩ እዚያ ስለነበረ ነው። የዛሬውን ልጅ ግን «ፊዚክስ ከፈለግህ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተህ ተማር» ብንለው ገብስና በግ ሸጠው የሚያስተምሩት ወላጆቹ ኪራዩን ከየት ያመጣሉ?

አሁን ወደሚያስፈልገው እንምጣ። ለመጀመሪያው ዙር 25 ላፕቶፖች፣ አንድ ሰርቨር፣ የዋይፋይ ማሰራጫ፣ ፕሮጀክተር፣ ከሶላር ፓነልና ኢንቨርተር ጋር የሚሠሩ ባትሪዎች እንፈልጋለን። ዴስክቶፕ ያላልነው አውቀን ነው። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው፣ ኤሌክትሪክም ብዙ አይበላም። መብራት ሲሄድ ክፍለ ጊዜው አይቋረጥም። ያገለገለ ላፕቶፕም በደስታ እንቀበላለን፤ ነገር ግን የሚሠራ ይሁን። ባትሪው የሞተና ስክሪኑ የተሰነጠቀ ዕቃ ጥገናው ራሱ ሌላ መዋጮ ይጠይቃል። ይህን ስንል ቅር አይበላችሁ።

ገንዘብ የምታዋጡ የአቅማችሁን ስጡ። የቻለ የአንድ ላፕቶፕ ዋጋ ይቻል፤ ያልቻለ መቶም ሁለት መቶም ብር ይላክ። ጓደኛሞች ተሰብስባችሁ አንድ ባትሪ ብትገዙ ደግሞ በጣም ደስ ይለናል፤ ከሁሉም ውድ የሚሆንብን የመብራቱ ጉዳይ ነውና። የባንክና የቴሌብር ቁጥሩን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ወይም ከየዕድራችሁ ጸሐፊ ትወስዳላችሁ። በማኅበራዊ ሚዲያ በግል ስም የሚዞር ቁጥር ካያችሁ የእኛ አይደለም፤ እንዳትልኩ። ገንዘቡ የሚወጣው በወላጅ ተወካይ፣ በመምህር ተወካይና በዕድር ዳኛ ፊርማ ነው። የተገዛው ዕቃ ደረሰኝም በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

«ዕቃው በዓመቱ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባናል፤ ቁልፍ የያዘው ሰው ታሞ ተዘግቶ የሚከርም ክፍል ያላየ ማን አለ? ግን የጋራ ሀብትን በደንብ መጠበቅ ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የጓሳን ሣር በጋራ ሕግ፣ እየዘጉና እየከፈቱ ለዘመናት ያቆዩት የእኛው ሰዎች ናቸው። የላፕቶፖቹ ደንብም ተጽፏል። ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሆናል፣ ዕቃው ከግቢ አይወጣም፣ የተበላሸ በሳምንቱ ይመዘገባል።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ተከራክረናል። ከሩቅ ቀበሌ የመጡት ልጆች ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ዓርብ ማታ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሑድ ይመለሳሉ። ስለዚህ ቅዳሜን ዋና ቀን ብናደርገው የሚጠቀመው የከተማው ልጅ ብቻ ነው። ምሽትም ለሴቶቹ ልጆች አይመችም። በመጨረሻ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እንዲሆንና ሳይመሽ እንዲዘጋ ወሰንን። የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ፊዚክስ፣ ኢኮኖሚክስና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ናቸው። ሌላውን እያየን እንጨምራለን። ቤተ ሙከራን እንደማይተካ እናውቃለን፤ እሱ ራሱን የቻለ ጥሪ ይፈልጋል።

ከገንዘቡ በላይ የምንለምነው ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ቅርባችን አለ። እዚያ የምታስተምሩ ወይም የምትማሩ የመንዝ ልጆች በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡን። አዲስ አበባ ሆናችሁ ባንክ፣ ቴሌኮም፣ ሆስፒታል የምትሠሩም እንዲሁ። የሒሳብ ባለሙያ የ11ኛ ክፍል ኢኮኖሚክስን ማስረዳት አያቅተውም። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የሰዓቱ ልዩነት አያሳስባችሁ፤ ቀድታችሁ ብትልኩልን ይበቃናል።

መዋጮውን እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንሰበስባለን፤ ክፍሉን መስከረም ላይ ልንከፍት አስበናል። ዕቃ የምትልኩ በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ በሚገቡ መኪኖች መላክ ትችላላችሁ፤ ከመላካችሁ በፊት ለትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፣ ተቀባይ እንመድባለን። ላፕቶፕ የምትልኩ ደግሞ አደራ፣ ቻርጀሩን እንዳትረሱ።