ሹፌሩን ስለ እንቅልፉም ጠይቁት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ከባድ መኪና አደጋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ፍጥነቱን፣ ጫቱን፣ የመንገዱን ብልሽት በሚገባ ዘርዝራችኋል። ማንኮራፋት ግን ቀርቷል።

ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነው። ማንኮራፋቱ ከግድግዳ ማዶ ይሰማል። ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ደረቱ ይታገላል እንጂ አየር አይገባም፤ በመጨረሻ እንደታነቀ ሰው እየቃተተ ይባንናል። አማቴ ዱካክ ነው ብለው ጸበል ወሰዱት። ሌላው ሰው ደክሞት ነው ይል ነበር። እርሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶም ራሱን እያመመው ይነሣል፤ የደም ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ አለ። ከአዋሽ ወዲያ ባለው ቆላ መሪ እንደያዘ እንደሚያንቀላፋ የነገረኝ ረዳቱ ነው።

ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። በአንዳንዱ ሰው፣ በተለይ ወፍራምና አንገተ ደንዳና በሆነ፣ መተንፈሻው እስከ መዘጋት ይደርሳል፤ ሕመሙ በእንግሊዝኛ «ስሊፕ አፕኒያ» (በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ) ይባላል። አንጎል አየር ሲያጥረው ይቀሰቅሰዋል፤ ሰውዬው ግን መንቃቱን አያስታውስም። ባለቤቴ ጣቱና ደረቱ ላይ መለኪያ ታስሮለት አደረ። ትንፋሹ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚቋረጥበት ወይም የሚያጥርበት ሰው ሕመሙ ከባድ ይባላል፤ የእርሱ ከዚያ አልፎ ተገኘ።

አሁን በጭንብል አየር የሚገፋ መሣሪያ አድርጎ ይተኛል። ጎረቤት ኦክስጅን ላይ ወደቀ ብሎ ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። ኦክስጅን አይደለም፤ የክፍሉን አየር ገፍቶ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይይዝለታል። ዋጋው ከባድ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ይቆማል። መንገድ ላይ በኢንቨርተር ከመኪናው ባትሪ ያገናኘዋል። የቀን ማንቀላፋቱ ቀርቷል።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ ዓይኑ ታይቷል፤ ታንኮራፋለህ ወይ፣ ቀን እንቅልፍ ይጥልሃል ወይ ያለው ግን የለም። ቢጠየቅም እንጀራው ነውና መደበቁ አይቀርም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ሕመሙ የተጠረጠረበት ሹፌር ወደ ሐኪም ይላካል፤ በሕክምናው መሻሉ ሲረጋገጥ ፈቃዱን ያገኛል፤ የከባድ መኪና ሹፌር ከሆነ ቢያንስ በየዓመቱ ይታያል።

በእኛም አገር ጥያቄው በጤና ምርመራው ቅጽ ላይ ይግባ። አጠገቡ የምታድረው ሚስቱም ትጠየቅ፤ የምታውቀው እርሷ ናት። ሕመሙ የተገኘበት ሹፌር ታክሞ ወደ መሪው እንደሚመለስም አስቀድሞ በጽሑፍ ይረጋገጥለት፤ አለዚያ አንዳቸውም አይናገሩም።

የከባድ መኪና ሹፌር ባለቤት
ከአዳማ