አረቄ የለመደን ሰው በድንገት ማስቆም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሐዋሳ መነሃሪያና አረብ ሰፈር ዙሪያ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ወንዶችን ሰብስቦ መጠለያ ማስገባት ሲታሰብ ስለ ፍራሽ፣ ስለ ልብስና ስለ ምግብ ብዙ ይወራል። ሰውዬው መጨረሻ የጠጣው በስንት ሰዓት እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም።

ለዓመታት ከማለዳ ጀምሮ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲከለከል ገና በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ከዚያ በፊት ወድቆ የማያውቅ ሰው እንኳ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። የከፋው በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል የሚመጣው ቅዠት ነው። ግድግዳው ላይ ትል ሲርመሰመስ ያያል፣ ከብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል፣ ቀኑንም ያለበትንም አያውቅም፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። «አበደ» ተብሎ የሚታሰረው ይሄኔ ነው። ካልታከመ ደግሞ ሊሞት ይችላል።

ይህን ቅዠት ከአእምሮ ሕመም መለየት ይቻላል። ስኪዞፍሬንያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ የሚያሰማው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ነው የሚጎለብተው። ታማሚው ድምፅ ቢሰማም የት እንዳለ ያውቃል፣ አይንቀጠቀጥም። ችግሩ፣ ብዙዎቹ ሁለቱም አለባቸው፤ ድምፁን ጸጥ ለማሰኘት ነው መለኪያ የሚያነሱት።

ሕክምናው ውድ አይደለም። በጤና ባለሙያ ክትትል ዳያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒት በቀን እስከ 40 ሚሊ ግራም ተከፋፍሎ ይሰጣል፣ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜም እየተቀነሰ ይቆማል። ቲያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ 1፣ በቀን 100 ሚሊ ግራም ለ5 ቀን ይታከልበታል። መብራት የማይጠፋበት ጸጥ ያለ ክፍል፣ ውሃና አጥሚት፣ አጠገቡ የሚቀመጥ አንድ ሰው ያስፈልገዋል። ዳያዜፓሙን ወስዶ ተደብቆ ከጠጣ ትንፋሹ ሊቆም ስለሚችል ኪሱንም መፈተሽ ነው።

ስህተቱ የሚሠራው በጥድፊያ ነው። ለተረበሸው ሰው ሃሎፔሪዶል የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ብቻ ይወጋል፤ መድኃኒቱ ግን ሰውየውን የመጣል ዕድሉን ይጨምራል። ቲያሚን ሳይቀድም ግሉኮስ ይሰቀላል፤ ይህ በምግብ እጦት የደከመን አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ሰክሮ የወደቀ ሰው ጭንቅላቱ ሳይታይ «ይተኛ፣ ይነጋለታል» ይባላል፤ ውስጥ ውስጡን እየደማ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ የአእምሮ ሕመሙ ይታከም። ኪኒን ጎዳና ላይ ይጠፋል፣ ይዘረፋል፤ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚወጋው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ ፍሉፌናዚን፣ ይሻላል። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ መርፌው ግን አይቋረጥበት።

የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሰው ከጎዳና ሲነሳ መጨረሻ የጠጣበት ሰዓት በወረቀት ይጻፍ፣ ወረቀቱም እሱ በሄደበት ሁሉ ይከተለው። ማንሳቱም ሰኞ ይጀመር። ዓርብ ከሰዓት የተነሳ ሰው ቅዠቱ የሚይዘው እሑድ ነው፤ የተመላላሽ ክፍሎች ደግሞ እሑድ ዝግ ናቸው።

የአእምሮ ጤና ነርሶች፣ ሐዋሳ