ተራ አስከባሪዋ

እንዴት ነሽ እህቴ? ተጠፋፍተን ከረምን። በ2016 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ አንቺ ገላን ገባሽ፣ እኔ እዚሁ አራት ኪሎ ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩም ቀጠነ። ሰሞኑን የላክሽልኝን ቮይስ ስሰማ ግን ሳቄ መጣ። አንቺ ታወሪያለሽ፣ ከኋላ ሁለቱ ልጆችሽ “የኔ ነው! የኔ ነው!” ይጯጯሃሉ፣ መሀል ላይ “አንተ ትልቅ ነህ፣ ስጠው በቃ!” ብለሽ ወሬሽን ትቀጥያለሽ።

እኔ ይቺን “ትልቅ ነህ ስጠው” የምትባል ነገር ከቤቴ ካባረርኳት ቆየሁ። እስቲ አስቢው፣ ልጁ ገልባጭ መኪናውን (የኔዎቹ ሲኖትራክ ነው የሚሉት) ጠጠር ሞልቶ፣ ወደ ኋላ አስጠግቶ፣ ሊያራግፍ ሲል ታናሹ መጥቶ አለቀሰ ተብሎ ይነጠቃል። ትንሹ ለቅሶ እንደሚያዋጣ ተማረ። ትልቁ ደግሞ ማካፈል ማለት መነጠቅ መሰለው። በሚቀጥለው ወንድሙን ገና ከሩቅ ሲያየው መኪናውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይይዛል፤ ምን ያድርግ?

ትንሹንም ስስታም አትበዪው። ሚልድረድ ፓርተን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣችው ጥናት፣ ትንንሾቹ ልጆች በብዛት የሚጫወቱት ጎን ለጎን ሆነው እንጂ አንድ ላይ እንዳልሆነ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት ደግሞ ሦስትና አራት ዓመት ላይ ያሉት አብዛኞቹ ለራሳቸው ሲያደሉ፣ እኩል ማካፈልን የመረጡት ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላቸው ናቸው ይላል። ያንቺው ገና ሁለት ዓመቱ ነው!

የሚገርመኝ ግን እነዚሁ ልጆች ከአንድ ትሪ በልተው ይጎራረሳሉ። ያው እንጀራው ይበቃል፣ ሲኖትራኩ ግን አንድ ነው።

እኔ ቤት የያዘው ሰው ጨዋታውን እስኪጨርስ ይይዛል። የሚጠብቀው “ስትጨርሺ ተራው የኔ ነው” ይላል። ማለት ካልቻለ እኔ እልለታለሁ፣ ካለቀሰም አጠገቡ እቀመጣለሁ እንጂ ነጥቄ አልሰጠውም። በጣም ከተራዘመ ስልኬ ላይ ሰዓት እሞላለሁ፤ ከእናት ጋር ይከራከራሉ፣ ከስልክ ጋር አይከራከሩም። የማይጋሩት ነገርም አላቸው። የልጅቷን አሻንጉሊት ማንም አይነካም፣ እንግዳ ልጅ ሲመጣ ራሷ ቁም ሳጥን ውስጥ ትደብቃታለች። እኔስ ስልኬን ለመጣ ለሄደው እሰጣለሁ እንዴ?

ከሁሉም የሠራልን ግን የታክሲ ጨዋታ ነው። ልጅቷ ሰልፍ ላይ ስንቆም ተራ አስከባሪውን አፍጥጣ ስታየው ነበር ለካ! አሁን ወንበሮቹን ደርድራ፣ አሻንጉሊቶቹን በሙሉ አሰልፋ፣ ወንድሟን መሀል ታቆመዋለች። ሊቀድም ሲል “ወንድሜ፣ ሰልፍህን ያዝ!” ትለዋለች፣ ድምጿን አጎርንና። አንዳንዴ “ሞልቷል፣ ቀጣዩን ጠብቁ” ብላ መልሳ ትገፋዋለች። እኔ ቆይ ስለው ምድር የሚቀውጠው ልጅ እዚያ ጋ ዝም ብሎ ይቆማል። ሹፌር መሆንም በተራ ነው፤ ረዳትነቱን ግን ሁለቱም ስለሚወዱት እስካሁን እንደተጨቃጨቁበት ነው።

ቅዳሜ ከተመቸሽ ይዘሻቸው ነይና ወዳጅነት ፓርክ እንውሰዳቸው። ኳስ አንድ ብቻ ያዢ። የዚያችን ጎረቤትሽን ነገር ደግሞ በስልክ እንዳትጨርሺብኝ፣ ስንገናኝ ከመጀመሪያው ነው የምትነግሪኝ።