የሌዲ ማክቤዝ ወተት

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው እሑድ ዕትማችሁ ስለ ሼክስፒር «ማክቤዝ» የወጣውን ጽሑፍ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ አነበብኩት። ጸሐፊው የማክቤዝን ሚስት ሌዲ ማክቤዝን፣ ባሏ ንጉሡን ገድሎ እንዲነግሥ የምትገፋፋውን ሴት፣ «የሴት ገላ የለበሰች ወንድ» ይሏታል። ይቺን ሴት ተጫውቼያታለሁ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

የቴአትር ተማሪ ሳለሁ ነው። ከወለድኩ አራት ወሬ ነበር። ልምምድ ላይ፣ ንጉሡ እንዲገደል አስባ መናፍስትን የምትማጸንበት ቦታ ደረስን። «ሴትነቴን ግፈፉኝ፣ የጡቴን ወተት ወስዳችሁ ሐሞት ስጡኝ» ነው ነገሩ በግርድፉ። ይህን እያልኩ ከመጋረጃው ጀርባ ልጄ አለቀሰች። ጡቴ አጋተ፤ ሸሚዜ ረጠበ። ዳይሬክተሩ «አበላሸሽው!» ብሎ ጮኸብኝ። ነጠላዬን ደረብኩና ቀጠልኩ።

ቴአትሩ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። መናፍስቱን የምትለምነው ገላዋ እንደማይታዘዝላት ስለምታውቅ ነው። ወንድ ብትሆንማ ምን አስለመናት? ደሜን አወፍሩልኝ፣ ርኅራኄ የሚገባበትን በር ዝጉልኝ ትላለች። የዚያን ዘመን ሐኪሞች ጠባይን ከደም፣ ከሐሞትና ከአክታ ሚዛን ነበር የሚያመጡት። ሴት ቀዝቃዛና እርጥብ፣ ወንድ ሞቃትና ደረቅ ነው ይሉ ነበር። የእንግሊዟ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥም እ.ኤ.አ. በ1588 ቲልበሪ ላይ ለወታደሮቿ «ገላዬ የደካማ ሴት፣ ልቤ ግን የንጉሥ ነው» ማለቷ ይነገራል። እኛስ ጠንካራ ሴት ስናይ «ወንድ ናት» አይደል የምንለው?

ደግሞ ባልየውስ? አየር ላይ ጩቤ የሚያየው እሱ ነው። «ከእንግዲህ እንቅልፍ የለም» የሚል ድምፅ የሚሰማውም እሱ ነው። ወንዱንም ዓይኑና ጆሮው ከዱት። ጸሐፊው ይህን አላነሱም።

በመጨረሻ ሌዲ ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ ትሄዳለች። እጇን ታሻለች፣ ታሻለች። የዐረብ አገር ሽቶ ሁሉ ቢርከፈከፍባት ይቺ ትንሽ እጅ የደም ሽታው አይለቃትም። አፏ የደበቀውን እጇ ተናገረ። ይህ ትዕይንት ዛሬም ያስለቅሰኛል።

እ.ኤ.አ. በ1606 ገደማ ይህ ሲጻፍ የለንደን ቴአትር ቤቶች ሴት አያሠሩም ነበር፤ ሴቶቹን የሚጫወቱት ወንድ ልጆች ነበሩ። ሴት ተዋናይ የወጣችው በ1660 ነው። ስለ ወተቱ መጀመሪያ የተናገረው ጡቱ አጋቶ የማያውቅ ልጅ ነው ማለት ነው።

ያቺ ልጄ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጽሑፋችሁን አንብባ «እማዬ፣ ሴት ስትጨክን ወንድ የምትባለው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ጸሐፊው እንዲመልሱላት በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንዲት የቴአትር መምህርት፣ ከአዲስ አበባ