ደብዳቤ ለልጄ፦ የደረት ኪሱ በቀኝ የሆነው ኮት

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ ገብቷል። ጠዋት የሱቁን ቁልፍ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምከፍተው። ለምን በጨርቅ እንደምይዘው የምታውቂ ይመስልሻል፤ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቂው። ቀሪውን ዛሬ እጽፍልሻለሁ።

ሐሙስ ማታ አክስትሽ ከሐዋሳ ደወለችልኝ። እሷን እንዳትቆጪ፤ ነግራኝ ባይሆን ኖሮ እኔ ነበርኩ የምቆጣት። ከፋርማሲ የኪንታሮት ቅባት ስትገዢ ይህ ሁለተኛሽ እንደሆነ፣ ምን ሆንሽ ስትልሽም «ወንበር ላይ መዋል ነው፣ የፈተና ጊዜ ነው» ብለሽ ነገሩን እንደዘጋሽባት ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ የጀመርኩትን ሱሪ መጨረስ አልቻልኩም። እንዳልደውልልሽ ደግሞ ገና ድምፄን ስትሰሚ «ደህና ነኝ አባዬ» ትዪኛለሽ። እኔ ያንን ቃል አላምነውም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ራሴ ለእናትሽ ስለው ኖሬያለሁ።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ፦ ደም ካየሽ አትደብቂ። ሳያይ «ኪንታሮት ነው» የሚልሽን ሰው አትመኚ፤ ያ ሰው አንቺው ራስሽ ብትሆኚም።

ደሙን መጀመሪያ ያየሁት በ2005 የመስቀል ሰሞን ነው። ወንድምሽ ገና እየዳኸ ነበር። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ አሜባ ነው ተብዬ ኪኒን ተሰጠኝ። ለሁለት ሳምንት የቆመ መሰለኝ። ሲመለስ ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ ኪንታሮት ነው ብለው ቅባት ሰጡኝ። በሁለቱም ቦታ ጓንት አጥልቆ የመረመረኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ልንገርሽና፣ ባለመመርመሬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሱሪዬን አውልቄ ለሰው ከማሳየት ብሞት ይሻለኛል የምል ሰው ነበርኩ። ይህን ስጽፍልሽ ዛሬም ፊቴ ይቀላል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

ከዚያ መክሳት ጀመርኩ። የእኔ ሥራ የሰው ወገብ መለካት አይደል? የራሴን ወገብ በሜትር ለካሁ፤ 84 የነበረው 80 ሆኗል። ሱሪዎቼን አጠበብኩ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ደግሜ ለካሁ፤ 76። ስፌቱን በምላጭ ተረተርኩና እንደገና አጠበብኩ፣ በካውያ ተኮስኩ፣ ለበስኩ። እናትሽ እንኳ አላወቀችም፤ ልብሴ ሁልጊዜ ልክ ነበርና። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «ወንድሜ፣ ስምንት ሴንቲሜትር ቀንሰሃል፤ ሐኪም ቤት ሂድ» እለው ነበር። በራሴ ላይ ግን ያ የእጅ ሙያዬ መደበቂያ ሆነኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አያትሽ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። መስማትና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው።

ነሐሴ ላይ ሆዴ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ሆነ። ሦስት ቀን ምንም አልወጣኝም፤ የበላሁትን ሁሉ ማስመለስ ጀመርኩ። 130 ኪሎ ሜትሩን ወደ አዲስ አበባ እንዴት እንደሄድን አላስታውስም፤ ሸኖ ላይ መኪናው ሲቆም እናትሽ ጸሎት ስታደርስ ብቻ ይታወሰኛል። ዕባጩ የትልቁን አንጀት መተላለፊያ ዘግቶት ነበር። በዚያው ሌሊት ቀደዱኝ። ስነቃ በሆዴ ግራ በኩል አንጀቴ ወደ ውጭ ወጥቶ በላዩ ከረጢት ተለጥፎበታል። ከሳምንታት በኋላ የናሙናው ውጤት መጣ። ካንሰር ነው፣ ወደ ሦስት ንፍፊቶች ተሻግሯል፣ ስለዚህ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ያስፈልጋል ተባልኩ። 33 ዓመቴ ነበር። ሐኪሙ «ይህ ነገር በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ትንሽ ሥጋ ሆኖ በቅሎ፣ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ይወስዳል፤ ቀድሞ ቢታይ ተቆርጦ ይወጣ ነበር» አለኝ። አሥራ አንዱን ወር በጣቶቼ ቆጠርኩ። አሁንም አልፎ አልፎ እቆጥራለሁ።

ደም ካየሽ አትደብቂ፣ ልጄ።

ስለ ኮቱ ልንገርሽ። መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ ነበር፣ ስምንት ዙር። ከመካከሉ ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው በደም ሥር ከገባ በኋላ ለቀናት ብርድ የነካው ነገር ሁሉ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲዋጥ ጉሮሮ የሚታነቅ ይመስላል። እንግዲህ ይህን መድኃኒት ወስዶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ከተማ፣ በኅዳር ውርጭ፣ መቀስ ይዞ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ብረት መንካት አልቻልኩም። የሹራብ ጓንት አጥልቄ እቀድ ነበር፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ግን በጓንት አይሆንም። ያንን የምትሠሪልኝ አንቺ ነበርሽ። ሰባት ዓመትሽ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥተሽ አሥር አሥራ አምስት መርፌ ክር አስገብተሽ ትራሱ ላይ ትሰኪልኝ ነበር፤ ለነገው ሥራዬ።

እንደምሞት እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ የሠርጌን ሱፍ አወረድኩ። ቀኝ ፊቱ ክርኑና አንገቱ ላይ ሳስቷል፤ ውስጡ ግን አዲስ ነበር። ሙሉውን ተርትሬ ገለበጥኩት። ኮት ሲገለበጥ ግራና ቀኙ ይለዋወጣል፤ በግራ የነበረው የደረት ኪስ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ አዘጋጉም ይገለበጣል። የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው፤ ሲገለበጥ ቀኙ በግራው ላይ ይሆናል፣ ይህ ደግሞ የሴት ኮት አዘጋግ ነው። መምህሬ ይህን ሲያስተምረኝ እንደ ጉድለት ነበር የነገረኝ፤ ደንበኛ እንዳያውቅ ኪሱን ድፈነው ይለኝ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ጨርቁ ራሱ ለአንቺ የታሰበ መሰለኝ። ኪሱን አልደፈንኩትም። ለገበሩ አያትሽ ከመንዝ ያመጡልንን አሮጌ በርኖስ ቆረጥኩ። እጅጌውና ታችኛው ጠርዝ ላይ አራት አራት ጣት እጥፋት ተውኩ፤ በየዓመቱ አንድ ጣት እየተለቀቀ አራት ዓመት እንዲያለብስሽ። እናትሽን አስቀምጬ በምላጭ እንዴት እንደሚተረተር አስተማርኳት። እያለቀሰች ተማረች። ያን እጥፋት አራቱንም ዓመት የለቀቅኩት እኔው ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት የያዝኩት ነገር አለ።

ወደ ሕክምናው በሄድኩ ቁጥር «ጨርቅ ልገዛ ነው» እልሽ ነበር። ስመለስ «የታለ ጨርቁ?» ትዪኛለሽ። ውሸታም እንዳልሆን መርካቶ ወርጄ ከሰልባጅ ተራ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ቀሚስ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ያንን ሁሉ ልብስ ቆርጬ የሰፋሁልሽ ለዚህ ነው። ከሦስተኛው ዙር ስመለስ በሩ ላይ ጠበቅሽኝ። ሮጠሽ መጥተሽ ሆዴ ላይ ተጠመጠምሽ። ከረጢቱ ተላቀቀ። ገፋሁሽ። ደፉ ላይ ወደቅሽ፣ ጉልበትሽ ደማ። እኔም «ሁለተኛ እንዳትነኪኝ!» ብዬ ጮህኩብሽ። ጠረኑን እንዳታውቂ፣ እንዳታዪ ብዬ ነው። ግን ያንን አልነገርኩሽም፤ ጮሄ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቅፈሽኝ አታውቂም፤ እስከ ግንቦት፣ አንጀቴን መልሰው እስኪገጥሙት። መርፌውን ግን አላቋረጥሽም። እጅሽን ዘርግተሽ ክር ያስገባሽበትን መርፌ ትሰጪኛለሽ፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትመለሻለሽ። ያቺን ሁለት እርምጃ እስካሁን አልረሳኋትም። አጥፍተሽ አልነበረም። ምንም አላጠፋሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ መግፋቱ አይደለም የከፋው፣ ዝም ማለቱ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ አካል ሲታመም ይደበቃል የሚለውን ትምህርት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አክስትሽ «ወንበር ነው አለችኝ» ስትለኝ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነበር።

ይበቃል። አሁን የማዝሽን ስሚ።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቢኖርም ትቀሪያለሽ። ፋርማሲ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ነው የምትሄጂው። ስትገቢ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትዪው ይህን ይሁን፦ «አባቴ በ33 ዓመቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ታሞ ነበር።» ይህን ካልሰሙ በዕድሜሽ ማንም አይጠረጥርም። ደሙ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ቀለሙን፣ የሰገራሽ አወጣጥ ተለውጦ እንደሆነ፣ ክብደትሽን ሁሉንም ንገሪ። ሴት ሐኪም ከፈለግሽ ጠይቂ፤ ነውር የለውም። በጣት ልመርምርሽ ካሉሽ እሺ በዪ። ደምሽን ሲለኩ የደም ማነስ አለ ቢሉሽና «የወር አበባ ነው» ብለው የብረት ኪኒን ብቻ ሰጥተው ሊሸኙሽ ቢሉ፣ ደሙ ከየት እንደሚፈስ ሳይታወቅ አልሄድም በዪ። በትሕትና፣ ግን ሳትነሺ። ኮሎኖስኮፒ ካዘዙልሽ በካሜራ አንጀትሽን ውስጡን ያያሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ፈሳሽ ብቻ ትወስጃለሽ፣ አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ይሰጥሻል፣ ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ታድሪያለሽ። ከፋ ቢባል ይኸው ነው። ትንሽ ሥጋ በቅሎ ቢያገኙ እዚያው ቆርጠው ያወጡታል።

ላስፈራራሽ አይደለም። በአንቺ ዕድሜ ደም የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ኪንታሮት፣ ወይም የፊንጢጣ መሰንጠቅ፣ ወይም አሜባ ነው። ምናልባት ቅባትሽ ትክክል ይሆናል። ይሁን! ግን አይተው ይበሉሽ። ሐኪሜ ያኔ ልጆችህ 23 ዓመት ሲሞላቸው ይታዩ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ከታመምኩበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ለአንቺ አራት ዓመት ቀረው እያልኩ በልቤ እቆጥር ነበር፤ ላንቺ ሳልነግር! ደም ከታየ ግን 23 አይጠበቅም። ወንድምሽም 14 ሆኗል፤ ለእሱ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ፣ ፊት ለፊት ቁጭ አድርጌ።

በጾሙ ምክንያት ምግብ እንዳትቀንሺ። አክስትሽ ምስር ትሥራልሽ። ሰው «ይህን ቅጠል ጠጪ» ቢልሽ አትጠጪ። ለሸንኮራ ዮሐንስ እኔም እናትሽም ተስለናል፤ ስለቱ ከሐኪሙ አይጣላም። ገንዘብ በስልክሽ ልኬአለሁ፤ ከበቃሽ አትመልሺው።

ከደብዳቤው ጋር የምታገኚው የትከሻ ቦርሳ ያ ኮት ነው። ላንቺ ከጠበበ ስምንት ዓመት አለፈው፤ ብል ሳይጀምረው ብዬ ባለፈው ሳምንት ተረተርኩት። ውጩ ሱፉ፣ ውስጡ በርኖሱ ነው። ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ተዛንፏል፤ የጣቶቼ ጫፍ እንደ ድሮው አልሆነልኝም፣ መርፌ ሲወጋኝም የማውቀው ጨርቁ ላይ ደሙን ሳይ ነው። የደረት ኪሱን እንዳለ በቀኝ በኩል ትቼዋለሁ። በውስጡ የናሙናዬ ውጤትና የቀዶ ሕክምናዬ ወረቀት ቅጂ አለ። ለሐኪሙ ስጪው፤ ሲመልስልሽ ወደዚያው ኪስ አስገቢ።

ስትወጪ ደውዪልኝ። ደንበኛ እየለካሁም ቢሆን አነሳለሁ። «ደህና ነኝ» ብለሽ ብቻ እንዳትዘጊ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል አንብቢልኝ።

የቦርሳው ማንገቻ ቢያጥርብሽ ሌላ እንዳትገዢ። አራት ጣት እጥፋት ትቼበታለሁ፤ ለገና ስትመጪ እለቅልሻለሁ።

አባትሽ